ጋራዡ ወደ መርሳ ሊወርድ ሲል

ባለፈው ሳምንት ወልድያ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለሥልጠና ተቀምጬ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ «የአገር ሽማግሌ» ተብዬ እጠራለሁ፤ ሽምግልናው ፀጉሬ ላይ ነው እንጂ ሌላ ቦታ አላየሁትም። አሠልጣኟ የልጄ እኩያ ናት። ሰሌዳው ላይ «የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ» ብላ ጻፈችና፣ «እንዲህ ባለ ጥናት የተሳተፈ አለ?» ስትል ጠየቀች። እጄን እንደ ተማሪ አነሣሁ፤ ወዲያው ነገሩ ረጅም መሆኑ ትዝ ሲለኝ አወረድኩት። ወደ መርሳ በሚመልሰኝ ሚኒባስ ውስጥ ግን ያልተናገርኩት ሁሉ ተራ በተራ መጣብኝ።

ያኔ መርሳ ላይ የሳይንስ መምህር ሆኜ ገና መቀጠሬ ነበር። ማብራራት እወድ ነበር፤ ጠመኔ ባጣ መሬት ላይ በእንጨት እየሣልኩ አስረዳለሁ። «ማለትም» የሚለው ቃል ከአፌ ስለማይለይ ባልደረቦቼ ስሜን ትተው «ማለትም» ይሉኝ ነበር። ጊዜው የደርግ መጨረሻ ነው፤ የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ እየቀረበ የመጣበት በጋ። ወልድያ የነበረው የጦር ተሽከርካሪዎች መጠገኛ ጋራዥ ወደ መርሳ እንዲወርድ ታዘዘ። የተመረጠለት ቦታ የመስኖ ቦዩ ከወንዙ የሚነሣበት፣ ሾላ ጥላውን የሚጥልበት ሜዳ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ለጋራዥ ከዚያ የተሻለ አይገኝም። ደልዳላ ነው፣ ውኃም አውራ ጎዳናም ይቀርበዋል። ችግሩ ከሥሩ ያለው ነው። የብርቱካኑ፣ የፓፓያውና የሽንኩርቱ ማሳ ሁሉ የሚጠጣው ከዚያ ቦይ ነበር፤ የታች ሰፈር ሰውም የሚቀዳው ከዚያው ነው።

አስተዳደሩ ቦታውን አይተን አስተያየት እንድንሰጥ ሁለት ሰው መደበ፤ እኔንና የውኃ አባቱን ሸህ እንድሪስን። የውኃ አባት ማለት ገበሬው መርጦ የውኃውን ተራ እንዲያከፋፍል የሚሾመው ሰው ነው።

እኔ ነገሩን በሥርዓት መጀመር ስለፈለግሁ ነባሩን ጋራዥ ለማየት ተነሣሁ። በወታደር መኪና ጭነት ላይ ተቀምጬ፣ አቧራ እየቃምኩ ወልድያ ወጣሁ። የግቢው መሬት እንደ ቆዳ ጠቁሮ ደርቋል፤ ሣር የሚባል የለም። የተደፋው የተቃጠለ ዘይት ከታች ባለው ፈፋ ውኃ ላይ ቀስተ ደመና መስሎ ይንሳፈፋል። እዚያ ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት፣ «ነጭ ይዤ መጥቼ ጥቁር ይዤ መግባት ሰልችቶኛል» አለችኝ።

የጋራዡ አዛዥ ሻምበል ተፈራ ይባላል፤ እጁ ላይ ዘወትር ቅባት የማይጠፋ ቀልደኛ ሰው ነበር። ቦታውን ሊያይ ከወታደሮቹ ጋር መርሳ ሲወርድ፣ ሾላው ሥር ከሸህ እንድሪስ ጋር ሆነን አገኘነው።

«መምህር፣ ሁለት መስመር ይበቃኛል። ‹ቦታው ተስማሚ ነው› በልና እንገላገል» አለኝ።

«የተቃጠለ ዘይት፣ ሻምበል፣ ማለትም ከሞተር የወጣው...»

«ስለ ዘይት ለኔ? ከሚስቴ ይልቅ ከሱ ጋር ነው የኖርኩት!»

ወታደሮቹ ሳቁ። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግንባር ላይ መኪና የሚጠብቅ ቁስለኛ አለ። እኔ እዚህ ስለ ሽንኩርት ልከራከር?» አለኝ።

የቁስለኛው ነገር እውነት ነበር። ደግሞም በዚያ ዘመን የጦሩን ሥራ አደናቀፈ መባል ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሸህ እንድሪስ የሙስበሃ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ «ውኃ መፈለግዎ ነውር የለውም፣ ሻምበል» አሉ። «ለማንም የምንለውን ለእርስዎም እንላለን። አዲስ የውኃ ተጠቃሚ ቦይ ጠረጋ ይወጣል። ከነገ ወዲያ ነው።»

«የፈለጉትን ያህል ወታደር እልክልዎታለሁ።»

«ወታደሩ ለከርሞ ይሁን። በመጀመሪያው ዓመት የሚወጣው ባለቤቱ ነው፤ ከቦዩ ራስ እስከ ጅራቱ። ሕጋችን እንዲህ ነው።»

ሻምበሉ መጣ። ነገሩ ጨዋታ ሳይመስለው አልቀረም። ኮቱን ሾላው ላይ ሰቅሎ አካፋ ያዘ። ደለሉን በኃይል ሲዝቀው አንድ ጎልማሳ ገበሬ፣ «ሻምበል፣ ቀስ ይበሉ እንጂ! ጭቃው እጁን ሰጥቷል!» አለው።

«እጁን ከሰጠ ጫማዬን ለምን ይይዛል?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ረፋዱ ላይ የማሽላ ንፍሮ በሰፌድ መጣ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በጭቃ እጃችን ዘገንን። ፀሐዩ ሲበረታ ከቦዩ ጅራት ደረስን። እዚያ ያለው ማሳ የእማማ ዘሀራ ነው። ከላይ ሲነሣ ወንዝ የሚያህለው ውኃ እዚያ ሲደርስ ቀጭን መስመር ሆኖ ሽንኩርታቸው ውስጥ ይጠፋል። እማማ ዘሀራ ፓፓያ ከፍለው ለሻምበሉ ሰጡት።

«ብላ፣ ልጄ። የኔንም ልጅ ወስዳችሁታል፤ ባለበት አንድ ሰው ያጉርስልኝ።»

«የት ነው ያለው፣ እማማ?»

«ሰሜን ነው አሉ፤ ሌላ አላውቅም። አንተ የምትሠራቸው መኪኖች ያውቁት ይሆናል።»

ሻምበሉ ፓፓያውን እንደያዘ የቦዩን መስመር ወደ ላይ ተመለከተ። ከዚያ፣ «ላይ፣ ሾላው ሥር የታጠበ ነገር እዚህ ነው የሚያርፈው?» ሲል ጠየቀ።

«ከዚህ ወዲያ ወዴት ይሄዳል?» አሉት።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ዘይት አፈር ውስጥ እንዴት እንደሚሰርግ በሥዕል ያስረዳሁበትን ጥናቴን ቆሞ አነበበና አጥፎ መለሰልኝ። «ትክክል ነህ። አለቆቼ ግን ለሽንኩርት ብለው ጋራዥ አያዞሩም» አለ። እሱ ራሱ ወደ በላይ የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ የሾላው ሜዳ ከዙሪያው ኮረብታ ለጠላት ተኩስ የተጋለጠ ነው የሚል። ዓረፍተ ነገሩ ሠራ። ጋራዡ በወልድያ መንገድ ዳር፣ መስኖ ወደማይደርስበት ድንጋያማ ሜዳ ዞረ። ወታደሮቹ ውኃ በበርሜል እያመላለሱ፣ ያለ ጥላ ሲሠሩ ሻምበላቸውን አምርረው ያሙት ነበር።

ብዙም አልቆዩ። ጦርነቱ ሲደርስ ጋራዡ ወደ ደሴ ተነሣ፤ ሻምበል ተፈራን ዳግመኛ አላየሁትም። የእማማ ዘሀራ ልጅም አልተመለሰም። ማሳቸው ላይ ግን ዛሬም ሽንኩርት ይበቅላል፤ የልጅ ልጃቸው ነው የሚያለማው።

አሠልጣኟ ጠዋት፣ ውሳኔ በጥናት ላይ መመሥረት እንዳለበት አስተምራናለች። ልክ ናት፤ እኔም ብሆን የማስተምረው ይህንኑ ነው። የኔ ጥናት ግን ተነብቦ ታጠፈ፤ ማሳዎቹን ያተረፈው ጥናቱ ውስጥ ያልነበረ ምክንያት ነው። ይህን ሳስበው ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ዘይቱ ከቦዩ ራቀ እንጂ አልጠፋም፤ ወታደሮቹ እዚያው አዲሱ ቦታ ላይ ይደፉት ነበር። ያን ድንጋያማ ሜዳ ሁላችንም «ሰው የሌለበት» ብለን ነበር የምንጠራው፤ ሰው የሌለበት ቦታ ደግሞ ሰው እስኪመጣበት ነው።

ሚኒባሱ መርሳ ሊገባ ሲቃረብ በመስኮት አየሁት። ሜዳው ላይ አዳዲስ ቤቶች ተሠርተዋል። በአንደኛው ግቢ ወጣት ባልና ሚስት የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፤ አፈሩ ከጉድጓዱ አፍ ተከምሯል።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

«አባባ፣ መርሳ ገና ነው እኮ» አለኝ ረዳቱ።

«አውቃለሁ፤ እዚህ አውርደኝ» አልኩና በሩን እስኪከፍትልኝ ቆሜ ጠበቅሁት።