ጭብጨባው እንዳይቋረጥ

ሴትዮዋ አውቶቡሱ ከነጌሌ ከተማ እስኪወጣ እንኳ አልጠበቀችም፤ ወንበር ስትቀያይር ቆይታ ጋቢና ገባች። የወርቅ ጥርስ፣ የነተበ ወታደራዊ ጃኬት፣ ባለ ተረከዝ ጫማ። ሹፌሩ ፈሀድ «የማን ርዝራዥ ናት?» አለ በሆዱ፤ ያለ ፍርድ ቤት መፍረድ የሰፊው ሕዝብ መብት አይደል!

ያስከፈተችው ካሴት የአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አር ኤንድ ቢ ዘፈን ነው፤ መድረክ ላይ የተቀዳ። ሴትዮዋ ዘፈኑ ላይ ስትለፈልፍ ትቆይና ጭብጨባው ሲመጣ ጸጥ ብላ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች። ፈሀድ ሰልችቶት ሊያጠፋው ሲል እጁን ያዘችው።

«ናጋ ነው፣ አዴ?» አላት በኦሮምኛ ደህንነቷን ሲጠይቅ። «ዘፈኑ እኮ አለቀ። ጭብጨባ ምን ያደርግልዎታል?»

«የጦሩ ባንድ ዘፋኝ ነበርኩ። እኔ እየዘፈንኩ ጦሩ ተበተነ፤ ስጨርስ አዳራሹ ውስጥ ሰው የለም። ተወው ልጄ፣ ያጨብጭቡ።»

ፈሀድ ተወው። ጭብጨባው ሲያበቃ ግን ፈቃድም ሳትጠይቅ ካሴቱን ወደ ጭብጨባው መጀመሪያ መለሰችው።