አልጋነሽ ያልተረከበችው ጽዋ

አልጋነሽን የሐይቅ ከተማ ሰው የሚያውቃት በመጥበሻዋና በምላሷ ነው። ከመናኸሪያው ማዶ ዓሳ ትጠብሳለች፤ ያስቆጣት ደንበኛ ካለ እሱንም አብራ ትጠብሰዋለች። ዘንድሮ ግን ጥቅምት ከገባ ጀምሮ ምላሷን ሰብስባ ከረመች። የእስጢፋኖስ ማኅበር ጽዋ ኅዳር አሥራ ሰባት ከሙሉጌታ ቤት ወጥቶ እሷ ቤት ሊገባ ነዋ!

ባሏ ሲሞት በማኅበሩ የሱን ቦታ ይዛ ነበር። ግን ተራዋ በደረሰ ቁጥር ሙሉጌታ፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። «እህህም፤ እንግዲህ እህታችን አቅሟም ቤቷም... ለከርሞ ብናደርግላትስ?» ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነጋዴ ነው፤ እሱ «እህህም» ካለ የሚያላምጠው ሁሉ ማላመጡን ያቆማል። አቅም ይበል እንጂ ነገሩ ሌላ ነው፤ በጾም ዓሳ የምትጠብስ ሴት ቤት እንዴት ይበላል ነው። እሷ እንደሁ አትቀምሰውም። የሚገዟት እስላሞቹ መንገደኞች ናቸው። ታዲያ ልጆቿን በጠበል ብቻ ታሳድጋቸው?

ዘንድሮ የንስሐ አባቷ ቄሱ «በቃ፣ ከእንግዲህ አትታለፍም» ስላሉላት ተቆረጠ። ጽዋውን አጅበው ለሚመጡት ጠላ ጠመቀች። ለጎረቤቷ ለፈዲላና ለሌሎቹ እስላሞች ደግሞ ለብቻ የማያሰክረውን ቀሪቦ አዘጋጀች። ጠላ አይጠጣም ተብሎ ጎረቤት ጉሮሮው ደርቆ አይመለስም፤ ደንቡ ነው።

የፈዲላ ልጅ ሱረያ ለቤት ሠራተኝነት ጅዳ ሄዳ ነበር። ደህና ሄዳ ደህና አልተመለሰችም። ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ለማንም ለማትታይ እመቤት «ሓዲር፣ ሓዲር» ትላለች፤ በዐረብኛ «እሺ እመቤቴ» እንደ ማለት ነው። ማንንም ነክታ አታውቅም። ሲርባት አልጋነሽ ጋ መጥታ ቁጭ ትላለች፣ አልጋነሽም ታበላታለች። በቃ።

የማኅበሩ ዕለት ሙሉጌታ ሳሎን ተሰብስበዋል። ወለሉ አዲስ ሴራሚክ ነው፣ ፊት ያሳያል። ቄሱ የአብርሃምን ታሪክ ያወራሉ፦ እንግዳ ካልመጣ እህል አይቀምስም ነበር፤ ሰይጣንም ቀንቶ፣ ግንባሩን ራሱ ገምሶ መንገድ ላይ ተቀመጠና «አብርሃም ነው የፈነከተኝ» እያለ እንግዳውን ሁሉ መለሰበት።

እዚህ ላይ በሩ ተከፈተና ሱረያ ገባች። በባዶ እግሯ፣ አቧራ እንደለበሰች፣ ቀጥ ብላ መጥታ አልጋነሽ እግር ሥር ቁጭ አለች። ወዲያው የራሷን እግር ዱካ ሴራሚኩ ላይ አየችው። ደነገጠች። ሻርፗን ከራሷ አውልቃ «ሓዲር፣ ሓዲር» እያለች ወለሉን መፈግፈግ ጀመረች።

«እህህም! በሩን ማነው የከፈተው?» አለ ሙሉጌታ። «እዚህ ሰው ይጸልያል እኮ!»

ክንዷን ይዞ ጎተታት፣ አወጣት፣ በሩን ዘጋ። ሻርፑ ወለሉ ላይ ቀረ። ተመልሶ ተቀመጠና እጁን በናፕኪን እየጠረገ፣ «ይቀጥሉ አባታችን፤ አብርሃም ጋ ነበርን» አለ።

ሰዉም መብላቱን ቀጠለ!

አልጋነሽ ጽዋውን አየችው። በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አንድ «አሜን» ነው የቀራት። ይህችን ብትውጣት እነዚያ «ዓሳ ትሸታለች» ያሉ ሁሉ ዛሬ ቤቷ ገብተው ጠላዋን ይጠጣሉ። ልትውጣት ሞከረች። እምቢ አላት። ሻርፑን አንስታ ቆመች።

«አያ ሙሉጌታ!»

«ተቀመጭ እህቴ፤ ተራሽ ሲደርስ ትጠሪያለሽ።»

«ሰይጣን እንኳ የአብርሃምን እንግዳ መንገድ ላይ ነው ያስቀረው። አንተ ግን ቤት ገብታ ከተቀመጠች በኋላ አወጣሃት! ከሱም ባስህ!»

«ኧረ በስመ አብ!» አለች አንዷ።

«እህህም!» አለች አልጋነሽ፣ ትከሻዋን ነፍታ፣ አገጯን ሰብስባ፣ ቁርጥ ሙሉጌታን መስላ። «እንግዲህ እህታችን ዓሳ ትሸታለች! ዓሳ በአፍህ አይዞርም አሉ፣ የሰው ልጅ ግን ሳታላምጥ ትውጣለህ!»

አንዱ ሳቁ አምልጦት ጠላው በአፍንጫው ወጣ። ሙሉጌታ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ወይ ተንበርክከሽ ይቅርታ ትያለሽ፣ ወይ ጽዋው ያልፍሻል።»

ሰው ሁሉ ቄሱን አየ። ቄሱ ደግሞ ፊታቸው ያለውን ዳቦ አዩ። ከሙሉጌታ ጉተታ ይልቅ አንጀቷን ያቃጠላት ይሄ ነው።

«አባቴ?»

«ልጄ... ለማኅበሩ ሰላም ስትይ እንኳ...»

«ይለፈኝ!»

ወጣች። ሱረያ የብረት በሩን ተደግፋ ተቀምጣለች። ሻርፑን አራግፋ ራሷን አሰረችላትና ይዛት ሄደች። መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ ግን የንዴት ነው፣ አንዱም ጠብታ የኀዘን አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ጽዋው በእልልታ ታጅቦ ሌላ ሰው ቤት ገባ። እልልታው እሷ ደጅ ድረስ ይሰማል። አልጋነሽም ጠላውንና ቀሪቦውን ጎትታ ደጇ ላይ አወጣችው። ባጃጅ ነጂው መጣ፣ ተሸካሚው መጣ፣ የኔ ቢጤው መጣ፣ ፈዲላ መጣች።

«እትዬ፣ ጽዋ የሌለው ምን ማኅበር ነው?» አለ ባጃጅ ነጂው።

«ሴራሚክ አላነጠፍሽም ብሎ ቀረብኝ። ዝም ብለህ ጠጣ!»

እየሳቁ ሳለ ቄሱ ጃንጥላቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ሳቁ ቆመ።

«ልጄ፣ ተናድደሻል...»

«አዎ። ነገም እናደዳለሁ።»

«ልቀመጥ?»

«ሳሎን የለኝም አባቴ። ያለው ቦታ ሱረያ ጎን፣ መሬት ላይ ነው።»

ሱረያ ይህን ስትሰማ ቀና አለች። ሻርፗን ልታወልቅ እጇን ሰደደች፣ «ሓዲር» እያለች፣ አፈሩን ልትጠርግላቸው። ቄሱ ቀደሟት። ጎንበስ ብለው በራሳቸው ነጠላ ጫፍ አፈሩን ጠረጉና ከጎኗ ተቀመጡ።

አልጋነሽ ፊቷን አልፈታችላቸውም። ለባጃጅ ነጂው ደገመች፣ ለተሸካሚው ደገመች፣ ለሱረያ ቀሪቦ ጨመረች። ለሳቸው የቀዳችው ከሁሉም በኋላ ነው።