ቀድሞ የሚቀምስ

የባለቤቴ የዘሪሁን መርዶ የደረሰኝ ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ካለችው ምግብ ቤታችን ጓዳ ሽንኩርት ስከትፍ ነው። ቡሉክ ሰፈር ካለው፣ ከሚሠራበት ሆቴል ባልደረባው ደወለና «እትዬ ሰናይት፣ ጋሽ ዘሪሁን አልነቃ አለን፤ ቶሎ ይምጡ» አለኝ። ሽርጤን ሳልፈታ በቦዳቦዳ ሞተር በረርኩ። ስደርስ ፊቱን ሸፍነውታል።

ልጅ ሳለሁ፣ ናዝሬት፣ አጎቴ ጋሽ ታደሰ ማታ ማታ ተረት ይነግሩን ነበር። ያኔ መብራት ሲጠፋ ኩራዙ ይለኮሳል፤ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን ከምድጃው ፍም ዙሪያ እንሰበሰባለን። ምጽዋ በባሕር ኃይል ያገለገሉ ሰው ስለነበሩ የእሳቸው ተረት ውስጥ ቀበሮና ጦጣ የሉም፤ እንቅልፍ ያጣ አንድ ሰው ግን አለ፤ በመርከብ ከወደብ ወደብ እንቅልፍ ፍለጋ ይዞራል። ሩቅ ደሴቶች ላይ የዕፅ ሥር ወቅጠው በኮኮናት ቅል ያጠጡታል፤ ቻይና የእኛን ቁርቁራ የሚመስል ፍሬ ሰብረው ከውስጡ ያለውን ዘር ያፈሉለታል፤ ህንድ ደግሞ በአጥራችን ሥር ማንም ዞር ብሎ የማያየውን የግዛዋ ሥር በወተት ይቀቅሉለታል። በየወደቡ ሕጉ አንድ ነው፤ ሰጪው በበሽተኛው ፊት ቀድሞ ይቀምሳል።

«ጋሼ፣ ሰጪው ቀድሞ ከተኛ ለበሽተኛው ማን ያጠጣዋል?» አልኳቸው አንድ ማታ።

«ሲነቃ ነዋ፣ አንቺ ምላሳም! ካልነቃ ደግሞ በሽተኛው ተረፈ!»

በሳቅ ፈረስን።

ከ2008ቱ የሐምሌ ተኩስ ወዲህ ጁባ ላይ እንቅልፍ ከዳኝ። በር ሲላተም አልጋ ሥር እገባለሁ። ዘሪሁን አዝኖልኝ ከአማራት ሰፈር አንድ ያገራችንን ሰው ይዞ መጣ፤ በሻንጣ የባህል መድኃኒት ዱቄት የሚያዞር። «የህንዱም የቻይናውም የደሴቱም እዚህ ውስጥ አለ» አለ ሰውየው። የአጎቴ ተረት ትዝ ብሎኝ «እስኪ ቀድመህ ቅመስልኝ» አልኩት።

«እኔ እንቅልፍ ሞልቶኛል እትዬ! ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለውም!»

ደግሜ ልጠይቅ ስል ዘሪሁን ክንዴን ቆንጠጥ አደረገኝ፤ «ተይ አታሳፍሪው፣ ያገር ልጅ ነው።» ሰውየው ሲወጣ ግን ዘሪሁን ዱቄቱን ከእጄ ወሰደ፤ «አንቺ እንዳትነኪው። ዛሬ ሌሊት ሆቴሉ ተረኛ ነኝ፣ እዚያው እቀምስልሻለሁ። ነገ በሰላም ከነቃሁ ትጠጫለሽ» ብሎ ጥቂት በወረቀት ቋጥሮ ሄደ።

ዘሪሁን በሞተ በሦስተኛው ቀን ሰውየው ለቅሶ መጣ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ «እግዜር ያጥናሽ» አለኝ። ጓዳ ገብቼ የተረፈውን ዱቄት በብርጭቆ በጠበጥኩና ፊቱ አኖርኩት። «አሁን ቅመስ!» ብርጭቆውን ሳይነካ ተነሥቶ ወጣ። ሰው ሁሉ እኔ ላይ ዞረ፤ «ኧረ ተይ ሰናይት፣ ለቅሶ የመጣ ሰው አይዋረድም!» የእሱ ፊት እንዳይጠቁር ይጨነቃሉ፤ የእኔ ሰው አፈር ለብሷል! «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚሉኝም አሉ። ቀን ምን አደረገ? ዱቄቱን ቀን ነው የቀላቀለው? በግዛዋም አልፈርድም፤ ዱቄቱ ውስጥ ግዛዋ ይኑር አይኑር ማን አየ? በይሉኝታችን ግን እፈርዳለሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ አፍሬ ዝም ባልኩት በራሴም።

ከዚያ ሁሉ ተረት የቀረችኝ ያቺ የሳቅንባት ቃል ናት። ሰጪው አልነቃም፤ በሽተኛዋ ተርፋ ይኸው ትጽፋለች። ይህን ያነበባችሁ፣ ስለ ዘሪሁን ነፍስ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙልኝ። ሻጩ ያልቀመሰውን እሱ ቀምሶልኛልና።