ምድጃ ይዤ ከነፋስ ማመንጫው ሥር

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ልደታ

ከቤት ስወጣ አዛን ብሎ ጨርሷል፤ ከልደታ ማርያም በኩል ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ጌጃ ሰፈር ገና አልነቃም። ዳቦ ቤቱ ብቻ በሩን ከፍቷል። በብርድ ልብስ የጠቀለልኩትን የኤሌክትሪክ ምድጃ አቅፌ ቁልቁል ወደ ባቡሩ ፌርማታ ወረድኩ።

ምድጃው ከሱቅ የተገዛ አይደለም። የምሠራው ጋሽ ተካ ብረታ ብረት ቤት ነው፤ ቆርቆሮውን እኔው ቆርጬ፣ እየጋለ የሚቀላውን ጥምዝ ሽቦ በሸክላው ቦይ ውስጥ እኔው አስተኝቼዋለሁ። ለእህቴ ለራሕማ ነው። አዳማ አጠገብ ገጠር ነው ያገባችው። የማገዶ ጭስ ሳል አስይዟታል፤ አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐኪሙ "ከጭስ ካልራቅሽ ላንቺም ለልጁም አይሆንም" ብሏታል። ባሏ ጀማል በስልክ "የመብራቱ ምሰሶ እኮ ቆሟል" ሲለን እናቴ "እሰይ፣ መብራት ገባላቸው" አለች። ደግሞስ የሚኖሩት መብራት ከሚሰጠው የነፋስ ማመንጫ ሥር አይደል? ድንገት ደርሼ ላስደስታት ብዬ ለራሕማ ሳልነግራት ተነሣሁ።

ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ገና ጥቂት ወሩ ነው። ሰው አሁንም ሲሳፈር ፈገግ ይላል። እስከ ቃሊቲ ስድስት ብር ከፈልኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ወለሉን በእግራቸው መታ መታ አደረጉና፣

"ልጄ፣ ይኼ ናፍጣ አይጠጣም አሉ። ምን በልቶ ነው የሚሮጠው?" አሉኝ።

"መብራት ነው፣ እማማ።"

"እንግዲያ ትናንት ማታ የእኛን መብራት የበላው እሱ ነዋ!"

ፉርጎው ሙሉ ሳቀ። እኔ ሰው ሲበዛ መናገር አይሆንልኝም፤ ምድጃዬን አጥብቄ ሳቅሁ።

ረፋዱ ላይ፣ የአዳማ መንገድ

ከቃሊቲ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ምድጃዬን የማስቀምጥበት ቦታ ስላጣሁ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ጭኔ ላይ ያዝኩት። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና "እህት፣ ልጁ እኮ ከቃሊቲ ጀምሮ አላለቀሰም። ደህና ነው?" አለ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

ዘንድሮ ዝናቡ ቀርቷል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ከጉልበት በታች ቀርቷል፤ ከብቶቹ አጥንታቸው ይቆጠራል። ሬዲዮው የዓለም መንግሥታት ፈረንሳይ አገር ተሰብስበዋል ይላል፤ ሙቀቱ ከሁለት ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር እያንዳንዱ አገር ጭሱን ሊቀንስ ቃል ይገባል ይላል።

"እነሱ አጨሱ፣ እኛ ሳልን" አለ ሾፌሩ።

ከፊት የተቀመጡ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮው አዘንብለው ያዳምጡ ነበር። "ቃል መግባቱ ደግ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ግን ዋሱ ማነው? እኛ አገር በሬ ለመዋስ እንኳ ዋስ ይጠራል። ያኛው ካልሰጠ ዋሱ ይሰጣል። የነዚህ ዋስ ማነው?"

አዳማ ልንደርስ ስንል ማመንጫዎቹ ታዩ። ነጫጭ፣ ረጃጅም፣ ሦስት ሦስት ክንፍ ያላቸው፤ ኮረብታው ላይ ተደርድረው በዝግታ ይዞራሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልቤ ሞላ። ጥምዙ ሽቦዬ በዚያ ነፋስ ሲቀላ ታየኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ራሕማ ቤት

ከአዳማ በባጃጅ፣ ከዚያ በጋሪ፣ ከዚያ በእግር። ራሕማ ከሣር ቤቱ እየሳለች ወጥታ አቀፈችኝ። ሆዷ ገፍቷል። አማቷ፣ የጀማል እናት አዴ ሎሚ፣ መቀመጫ ኩርሲ አወጡልኝ። ጣራው ላይ ትንሽ ሶላር አለች።

ብርድ ልብሱን ፈታሁ። ጀማል ምድጃውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ መሬት አየ።

"ምሰሶው ቆሟል አላልክም እንዴ?" አልኩት።

"ቆሟል። ሽቦው ነው ያልመጣው። ይመጣል ብለው ቃል ገብተውልናል።"

"ሶላሯስ?"

"እሷ አንድ አምፖልና ስልክ ናት፣ ዋርሳዬ። ይህን ብታይ ራሷን ትስታለች።"

አዴ ሎሚ ከኮረብታው በላይ የሚዞረውን ክንፍ በከዘራቸው አሳዩኝ። "እዚያ ላይ ወጥተሽ ሰኪያት፣ ልጄ!" ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። ራሕማም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወደ ሳል ዞሮ ጎንበስ አለች።

ራት ሊሠራ ቤት ውስጥ እሳት ሲነድ ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ። "ለምን ውጭ አይበስልም?" ስል አዴ ሎሚ "ጭስ ያላየ የሣር ጣራ ለነቀዝ ሲሳይ ነው። ይህ ቤት የቆመው በጭሱ ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሣሩ ከውስጥ ጠቁሮ ያብረቀርቃል።

ጀማል ሽሮውን እየጠቀሰ "ማድቤት ለብቻ ልሠራ ቃል ገብቻለሁ። ቆርቆሮውም ተገዝቷል። መስመሩ ሲገባ አንድ ላይ ብዬ ነው" አለ።

"ከሠርግህ ጀምሮ ቃል ገብተሃል" አሉ እናቱ። "ቃልህ ግን ዋስ የለውም።"

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። "እኔ ዋስ እሆነዋለሁ" አልኩ።

አዴ ሎሚ ቁራሿን ወደ ሳህኑ መለሱ። "ዋስ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እሱ ካልሠራ አንቺ ነሽ የምትሠሪው።"

"እሠራለሁ። ቆርቆሮ መቁረጥ ሥራዬ ነው። ጋሽ ተካን አስፈቅጄ እመጣለሁ።"

"ሰማህ ጀማል? የሚስትህ ታናሽ እህት ከአዲስ አበባ መጥታ ጣራህን ልትመታ ነው። ጎረቤት ይህን ሲሰማ ምን ይልሃል?"

ጀማል መጉረሱን ተወ።

እሑድ፣ እዚያው

ስነቃ መቆፈሪያ ይሰማል። ጀማል ጎረቤቶቹን ጠርቶ ከቤቱ ጀርባ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ሜዳው በሚወስድበት በኩል፣ ለማድቤቱ ምሰሶ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ከጎተራው ሥር ቆርቆሮው ወጣ። አንዱን ጠቅልዬ የጭስ ማውጫ አበጀሁለት። አንደኛው ጎረቤት "ዋሷ እንዳትሠራ ብለን ነው የመጣነው፤ ይኸው እየሠራች ነው" ብሎ አፌዘ።

አዴ ሎሚ አንድ ነገር አስረግጠው ተናገሩ። "እሳቱ ይውጣ፤ ጣራዬ ግን ጭሱን አያጣም። እኔ ራሴ በየጊዜው አጨሰዋለሁ። ያን ጊዜ ራሕማ ማድቤቷ ትቀመጥ።" ሁሉም ተስማማ። ምድጃውን ልመልሰው ስል ከእጄ ተቀብለው ቆጥ ላይ አወጡት፤ "ሽቦው ሲመጣ ባዶ ቤት አያግኘን" አሉ።

ሰኞ አመሻሽ፣ ልደታ

ስመለስ ማመንጫዎቹን ዞር ብዬ አየኋቸው። አልተቀየምኳቸውም። ሬዲዮው ዛሬም ስለ ቃሉ ያወራል። ይሳካ አይሳካ እኔ አላውቅም፤ "ዋሱ ማነው?" ካሉት ከሚኒባሱ ሽማግሌ ጋር ግን ተስማምቻለሁ። እኔ ስሜን በዋስነት ሰጥቼ ነው የመጣሁት።

ጌጃ ሰፈር ስደርስ መብራት የለም። እናቴ ደጅ ላይ ከሰል እያራገበች "ምድጃው ሠራ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሳልመልስላት ስልኬ ጮኸ። ጀማል ነው።

"ዋሴ! ከዋስነት ወርደሻል። ጣራው ዛሬ ተመታ፤ ራቱም እዚያ እየተሠራ ነው።"

ከኋላው ሳል ሰማሁ፤ ደረቅ፣ የሚያንቅ ሳል። ደንግጬ ጠየቅሁት። "ራሕማ ናት?"

"ኧረ እናቴ ናት!" አለ እየሳቀ። "ቤቱን እያጨሰች ነው። ራሕማማ ውጭ ሆና 'በሩን ክፈቱላቸው' እያለች ትስቃለች።"