የመስኮቱ ጋቢ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ ደብረ ማርቆስ ቢሯችን ያለውን፣ ለጠቅላይ ግዛቱ ብርቅ የሆነውን የፎቶ ኮፒ ማሽን ሲጠግኑ መጀመሪያ የሚያዩት ፀሐይዋን ነበር። ማሽኑ ውስጥ ከትንሽ አምፖል ትይዩ የመስታወት ዓይን አለ፤ ወረቀት ብርሃኑን ሲጋርደው ዓይኑ ወረቀት መምጣቱን ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ግን የመስኮቱ ፀሐይ ዓይኑ ላይ ያርፍና ማሽኑ ወረቀት የለም ብሎ ይቆማል። አጎቴም ጋቢያቸውን መስኮቱ ላይ ሰቅለው፣ «ብርሃን ሲበዛም ዓይን ይታወራል፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር።

በተዝካራቸው ጋቢው ለነዳያን ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በቆመ ቁጥር እነሣለሁ፣ ባዶውን ሚስማር አያለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። ነጠላዬን እዚያ ልስቀል ብል እጄ እንቢ አለኝ።

ዛሬ ጀርባዬን ለፀሐይዋ ሰጥቼ መስኮቱ ላይ ቆምኩ። ማሽኑ ሠራ። ባልደረቦቼ «ኧረ አሁንስ ተቀመጪ» ይሉኛል። ከተቀመጥኩ ፀሐይዋ ትገባለች።