ባሏ ለሄደባት ጎረቤታችን የወሰድነው ስጦታ

ሰው ሲሞት ምን ተይዞ እንደሚኬድ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዳቦ ይገዛል፣ ድንኳን ይተከላል። ሴት ስትወልድ አጃና ቅቤ እንወስዳለን፤ ሰው ሲታመም ብርቱካን። ትዳር ሲፈርስ ግን ምን ተይዞ እንደሚኬድ አባቶቻችን ሳይነግሩን ሞቱ። እኛ ባለፈው ዓመት፣ በሙቀቱ ወራት፣ እዚሁ ድሬዳዋ ከዚራ ጫፍ በምንኖርበት ግቢ ውስጥ በራሳችን ጊዜ ልንማር ሞከርን። ተማርን ማለት እንኳ ድፍረት ነው።

በግቢያችን ካሉት ቤቶች በአንዱ አንዲት ወጣት ከባሏና ከአራት ዓመት ሴት ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። አንድ ቅዳሜ ባልየው ሻንጣውንና ቴሌቪዥኑን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሄደ። ጠብ የለ፣ ጩኸት የለ። እንዲያውም ቴሌቪዥኑን ሲጭን በአንድ በኩል የደገፍኩለት እኔ ነኝ፤ ሊያሠራው የሚወስደው መስሎኝ። ብዙም ሳይቆይ ፍቺው በወረቀት አለቀ።

ሴትየዋን ያስጨነቃት ግን የባልየው መሄድ ብቻ አልነበረም። የፋብሪካው ሰርቪስ ንጋት ላይ አስራ አንድ ተኩል ሲሆን አስፋልቱ ዳር ይመጣል። የልጅቷ መዋዕለ ሕፃናት የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ነው። በመሃል ልጅቷን የሚይዛት አባቷ ነበር። አሁን እናትየው ልጇን እንደተኛች አዝላ፣ የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግራ፣ መጋላ ሰፈር እህቷ ዘንድ ታደርስና እየሮጠች ትመለሳለች። ሁለት ቀን ሰርቪሱ ጥሏት ሄዶ ሁለት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። በሦስተኛው ትባረራለች። ይህን እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ለእናንተ ግን አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ እኛ ምን ስንሠራ እንደነበር ያኔ ይገባችኋል።

መጀመሪያ ስጦታ ይዛ የገባችው ባለቤቴ ናት። አንድ ሳህን ሙሉ ንፍሮ። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት የሐረሪ አሮጊት በር ላይ አገኟት።

«አቦ! ሰውየው አልሞተም እኮ» አሏት። «ትናንት ገበያ አይቼዋለሁ። ወላሂ፣ ወፍሯል።»

«ለእሷ ሞቷል» አለች ባለቤቴ።

«እንግዲያው እድራችሁ ድንኳን ያውጣላት!»

እንዲህ ያሉት እኚሁ ሴትዮ በማግስቱ የአጃ ሾርባ ሠርተው ገቡ። «የተጎዳ ወገብ ይጠግናል» አሉ፣ ልክ ለአራስ እንደሚባለው። ሦስተኛው ጎረቤታችን፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ ብርቱካን በፌስታል አመጣ። ያቺ ሴት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሐዘንተኛም፣ አራስም፣ በሽተኛም ሆነች።

ከሁሉም የባሰው ማጽናናታችን ነበር። የእረፍት ቀኗ እሑድ ብቻ ነው። እኛም ብቻዋን እንዳትቆዝም ብለን እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ እሷ ቤት እንቀመጣለን። «አይዞሽ» እንላለን፤ ሻይ ታፈላለች። «እግዜር ያውቃል» እንላለን፤ ሌላ ሻይ ታፈላለች። የሳምንቱ ልብስ በሳፋ ተዘፍዝፎ ጥግ ላይ ይታየኛል። እኔም ሦስተኛውን ብርጭቆ እየጠጣሁ፣ ይህች ልጅ ሐዘኑ አዳክሟት ልብስ ማጠብ እንኳ ተሳናት ብዬ በልቤ አዝን ነበር።

የኔ ስጦታ አሳብ የመጣልኝ በርጫ ላይ ነው። ድሬ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ጫት ይዞ የተቀመጠ ሰው የማይገነባው ፎቅ የለም። ምሽት ላይ ምርቃናው ሲወርድ ፎቁም አብሮ ይፈርሳል። የኔው አሳብ ግን ትንሽ ስለነበረች አልፈረሰችም። ወንድ የሌለበት ቤት ምን ያስፈልገዋል? ጠንካራ መቀርቀሪያ! ብረታ ብረት ተራ ሄጄ ክንድ የምታህል መርጬ ገዛሁ።

«አባባ፣ የድሮውም ይሠራል እኮ» አለችኝ ጎረቤቴ፣ ስወስድላት።

«ላልቷል። ሌባ ቢመጣስ?»

ከዚያ ቤት ዕቃ ይዞ የወጣው ቁልፍ የነበረው ሰው ብቻ መሆኑን ያን ቀን አላሰብኩትም።

በሯ ላሜራ ነው፤ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። መቀርቀሪያውን የገጠምኩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ በሩ ላይ ተኝታ፣ ብረቱ እጅ በሚፈጅበት ሰዓት ነው። በመቀርቀሪያውና በማስገቢያው ቀዳዳ መካከል ፀጉር እንኳ የሚያስገባ ክፍተት አልተውኩም። ማታ ስትቆልፈው በጫማዋ ተረከዝ መትታ አስገባችው። ድምፁን ሰምቼ፣ ‹ጥብቅ ነው!› ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጎህ ሊቀድ ሲል በር ሲደበደብ ነቃሁ። ባለቤቴ ለኪዳን ወጥታለች።

«አባባ!»

«ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ይቆለፍበታል?»

«ምን ሆንሽ?»

«ያንተ ብረት አልላቀቅ አለኝ! ልጅቷን መጋላ አድርሼ መመለስ አለብኝ። ዛሬ ከቀረሁ ሦስተኛዬ ነው፣ ያባርሩኛል።» ያኔ ነው፣ ወጥቼ በሯ ላይ ስደርስ፣ ሁሉንም በበሩ ስንጥቅ የነገረችኝ፣ እህቷንም፣ ደብዳቤዎቹንም።

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይታወቅም፤ «አንተ» ስትለኝ ቁጣ አይደለም። ያን ጠዋት ግን ቁጣም ነበረበት።

በትከሻዬ በሩን ገፋሁ። እሷ በውስጥ በኩል በዘነዘና ትመታለች። ልጅቷ ታለቅሳለች። መስኮቱ በብረት የታጠረ ነው። የሐረሪዋ አሮጊት ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ማሰሮአቸውን ይዘው ወጡ።

«ምን እየሠራህ ነው? ቤት እየሰበርክ?»

«እያስተካከልኩ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! እኔ ደግሞ ሰውየው ተመልሶ መስሎኝ።»

ከሹፌሩ ቤት ዲጂኖ ተውሼ መጣሁ። በሩና መቃኑ መካከል አስገብቼ ስደገፍበት መቀርቀሪያው ተተኩሶ ወጣ። ያኔ ሰርቪሱ አስፋልቱ ላይ ጥሩምባ ነፋ። ልጇን አቅፋ ሮጠች። እኔም ከኋላ። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ የመኪናውን የኋላ መብራት አየን።

ወደ መጋላ በኩል አየች፤ ወደ ሄደው መኪና አየች። ከዚያ ልጅቷን ክንዴ ላይ አስቀመጠቻት። ልመናም ምስጋናም አልነበረበትም፤ ገበያ መሃል ዘንቢል እንደሚያስይዝ ሰው ነው።

«ሁለት ሰዓት ላይ መዋዕለ ሕፃናት አድርሳት። ዳቦዋ ቦርሳው ውስጥ ነው» ብላ ባጃጅ ውስጥ ዘላ ገባች።

እኔ ሰባት ልጅ ወልጃለሁ። ጠዋት ለአንዱም ፊቱን አጥቤለት አላውቅም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። ያን ዕለት ግን ከልጅቷ ጋር ዳቦ በሻይ በላን፣ ድመት ቆጠርን፣ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይሬ አጠለቅሁላት፤ እሷው አረመችኝ። ፀጉሯንም አበጠርኩ። መዋዕለ ሕፃናት ስንደርስ መምህርቷ ልጅቷን ዞር አድርጋ አየቻትና፣ «አባባ፣ ይህችን ደግሞ ምን መታት?» አለችኝ።

ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ የተጣመመውን በር አይታ ጠበቀችኝ። «ዕድሜህን ሙሉ ሐዲድ ጥገና ላይ ኖረህ፣ ብረት በቀን ሙቀት ረዝሞ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እንደሚያጥር ረሳህ?»

በሁለት ሐዲድ መካከል ክፍተት መተው ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ነበር። በሠራሁበት መስመር ላይ አንድም ባቡር በኔ ጥፋት አልተገለበጠም። ጎረቤቴን ግን ቤቷ ውስጥ ቆልፌባት አደርኩ።

ቀኑ አልመሽ አለኝ። በር በሩን እያየሁ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ገባች፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

«እህስ?» አልኳት።

«ባጃጁ ሰርቪሱን ከተማ ሳይወጣ ደረሰበት። ከሰዎቹ ጋር ገባሁ።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ስለ መቀርቀሪያው ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣኝ። «ነገስ ልጅቷን ማን ይይዛታል?»

ቀና ብላ አየችኝ። ባሏ ከሄደ ከወር በላይ ሆኖታል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ሻይዋን ስንጠጣ አንዳችንም ይህን ጠይቀናት አናውቅም።

«ማንም» አለች።

«እኔ እኮ ከሌሊቱ አስር ሰዓት በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው።»

«በየቀኑ ነው፣ አባባ። ንፍሮ አይደለም፣ አንድ ቀን ሰጥተኸው የምትሄደው።»

«አውቃለሁ።»

በማግስቱ በራችንን ስታንኳኳ ልብሴን ለብሼ ጠበቅኋት። ልጅቷ እንቅልፍ ላይ ነበረች፤ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለች ተቀበልኳት። እናትየው ቦርሳውን ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለችና፣ «ፀጉሯን እንዳትነካ!» አለችኝ። ከዚያ ወደ አስፋልቱ ወረደች። እስከ መታጠፊያው ድረስ አየኋት፤ አልሮጠችም።