ወደ መንገድ የዞረው በር

ሄርማታ ሰፈር ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ዓይነ ስውር እናት አሉ። በአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት የጭቃ ቤታቸው ፈርሶ እንደገና ሲሠራ የቁልፍ ርክክቡን የዘገብኩት እኔ ነበርኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ።

«እማማ፣ አዲሱ ቤት እንዴት ነው?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ዝናብ አይገባም። እኔም አልወጣም።»

የድሮው በር የሚከፈተው ወደ ጎረቤት ግቢ ነበር። ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ሽንት ቤትም ቧንቧም ያለ መሪ ይደርሱ ነበር። አዲሱ በር የሚያወጣው መኪና ወደሚበዛበት መንገድ ነው፤ ከደፉ ሥር ቦይ አለ። አሁን የሚመራቸው ሰው እስኪመጣ ድረስ ውሃ አይጠጡም።

ሥራውን የመራውን ኃላፊ ለምን በሩን እንዳዞሩት ጠየቅሁት።

«ጎብኚ ሲመጣ ከመንገድ መታየት አለበት።»

«እሳቸው ግን አያዩትም» አልኩት። ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። በሩን መልሱላቸው ስለው ርክክቡ አልቋል አለኝ። ሥራ ላይ የማልቆጣው እኔ ጠረጴዛውን መታሁ።

ወሬውን የሰማ አናጺ ጎረቤታቸው መጥረቢያውን ይዞ መጣ። እሳቸው በእጃቸው ቦታውን አሳዩት፤ እሱ በጓሮ በኩል ወደ ጎረቤት ግቢ ግድግዳውን ከፈተ።

በሩ የት ይሁን ብሎ አንድም ሰው ያልላከው የኃላፊው ቢሮ፣ ግድግዳውን ማን አፈረሰ ብሎ በማግስቱ ሁለት ሰው ላከ። የመንገዱን በር ቢያንኳኩ የሚከፍት አጡ። እሳቸው በጓሮ ወጥተው ቧንቧው ጋ ነበሩ።